ሁለተኛው ነጭ ግድግዳ

በሐምሌ አጋማሽ የዓሣ አጥማጆቹ መንደር ክራልባይ ላብ በላብ ሆነች። ከሳምንት በፊት ሰው ሁሉ እርጥብ ካልሲውን ምድጃ አፍ ላይ ሲያደርቅ፣ ሳል ከቤት ቤት ሲዞር ነበር። ሐሙስ ዕለት ግን ከተራራው ወደ ባህሩ የሚወርደው ደረቅ ንፋስ ተነሣና ሰማዩን ጥርግ አደረገው። ቅዳሜ ሴቶቹ ሹራባቸውን ጣሉ። እሁድ ከጸሎት ሲወጣ ፓስተሩ ሳይቀር ኮሌታውን ፈታ። ሰኞ ንጋት ላይ ባህሩ ረግቶ ስለተገኘ የመንደሩ ሦስት ጀልባዎች በሙሉ ወጡ።

«ንፋሱ ሲስቅልህ ጥርሱን ቁጠር» ይላሉ የክራልባይ ሽማግሌዎች። ይላሉ እንጂ ማንም አይቆጥርም። አሥር ቀን ሙሉ ዓሣ ያልሸተተው ቤት ንፋሱ ሲስቅለት አብሮ ይስቃል። ወንዶቹ መንጠቆና ገመዳቸውን ይዘው ሄዱ፤ ሴቶቹ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ የከረመ ብርድ ልብስ የሚታጠብበት ቀን ተገኘ ብለው ከአሸዋው ኮረብታ ጀርባ ወዳለው ምንጭ ወረዱ።

በዚያ ሙቀት ከአንገቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በጥቁር ልብስ ተሸፍና የምትሄድ ሴት ግሪት አፖሊስ ብቻ ነበረች። ማገዶ ልትለቅም ስትወጣ የሟች ባሏ ወንድም ቴይስ እንደ ወትሮው ፊቱን ወደ ባህሩ፣ ጀርባውን ወደ መንደሩ ሰጥቶ ከተገለበጠች አሮጌ ጀልባ ላይ ተቀምጧል። ቴይስ በደህናው ጊዜ የጀልባ አለቃ ነበር። እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ሥራው ባህሩን መጠበቅና አላፊ አግዳሚውን በነገር መንካት ሆኗል።

«አንቺ ግሪት፣ ኧረ አውልቂው! እዚያው ውስጥ ተቀቅለሽ ልታልቂ እኮ ነው። ድንች እንኳ ልጣጩን የሚያወልቅበት ቀን አለው።»

«አንተ ምን አገባህ? ይሄን ልብስ የማወልቀው የሞትኩ ዕለት ነው።»

«የሞትሽ ዕለትማ ሌላ ሰው ነው የሚያወልቅልሽ።»

«ያኔም ቢሆን አንተ ዞር በልልኝ» ብላው አለፈች።

በክራልባይ ባሏን ባህር የበላባት ሴት ጥቁር የምትለብሰው አንድ ዓመት ነው። ዓመቱ ሲሞላ ልብሱን አጥባ፣ አጣጥፋ ሳጥኗ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ አትጥለውም፣ ለሌላም አትሰጠውም። ግሪት ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አላወለቀችም። አንዱ ሲያልቅ ሌላ ጥቁር ትሰፋለች። ለምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሳባትም።

ነገሩ ከግድግዳዋ ይጀምራል። ከባህሩ ወደ መንደሩ መግቢያው አንድ ነው፤ በአለትና በአለት መሐል ያለ፣ ሁለት ጀልባ ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠባብ በር። ማዕበል ሲነሳ አለቱም በሩም አረፋ ብቻ ይሆናሉ። ስለዚህ ጀልባ የሚነዳ ሰው ውሃውን ሳይሆን መንደሩን ያያል። ከቤቶቹ ሁሉ ባህር የሚያየው ግድግዳው ነጭ የሆነ አንድ ቤት ብቻ ነው፤ የግሪት ቤት። ከጀርባ፣ ኮረብታው ላይ፣ አንድ የእንጨት ምሰሶ ቆሟል። ነጩን ግድግዳ ከምሰሶው ሥር አድርጎ ቀጥ ብሎ የመጣ ሰው እራቱን ቤቱ ይበላል። ሌሎቹ ቤቶች በጓሮ በኩል የፈለጉትን ይቀባሉ፤ ባህር የሚያየው ጎናቸው ግን ድንጋይ እንደመሰለ ይኖራል። ይህን ሕግ የጻፈው የለም። ባህር ጨው ነው ብሎ ለልጁ የሚነግር ሰው አለ እንዴ?

የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ግሪት አራስ ነበረች። ዝናቡ ኖራውን ልጦ ልጦ ግድግዳውን አመድ አስመስሎት ነበር፤ እሷም ዛሬ ነገ ስትል ሳትቀባው ሰነበተች። በዚያው ሳምንት ባሏ ኒክላስ በጭጋግ ሲመለስ በሩን ስቶ ከአለቱ ጋር ተላተመና ሞተ። መንደሩ አንዲት ክፉ ቃል አልተነፈሰባትም። ቢሰድቧት በተሻላት ነበር፤ ሰው ዝም ሲል የራስ አፍ አይዘጋም። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ዝናቡ ጋብ ሲል ጠብቃ ግድግዳዋን ኖራ ታጠጣለች። ትኩሳት ይዟት በዘነዘና ተደግፋ የቀባችበት ጊዜ አለ። ያኔ በአራስ ቤት የነበረው ልጇ ፍሎሪስ ዛሬ የሦስተኛው ጀልባ አለቃ ነው።

ፍሎሪስ ከሦስት ወር በፊት ሲና የምትባል ልጅ አገባ። ሲና ባህር አይታ የማታውቅ፣ ከወዲያ ከደረቁ የበግ አገር የመጣች ናት። ቤታቸውን የሠሩት ከግሪት ቤት በስተ ምሥራቅ ሃያ እርምጃ ራቅ ብሎ፣ በመንደሩ ጫፍ ላይ ነው። ግሪት ምራቷን አልጠላቻትም፤ ግን አፏ አያርፍም። ባለፈው ሳምንት እንኳ ግድግዳዋን በእጇ መታ መታ እያደረገች፣ «ሴትን በግድግዳዋ እወቃት ነው የሚባለው» ብላ ነበር። ቅዳሜ ቀብታ ስትጨርስ ከበርሜሉ ግማሽ ያህል ኖራ ተረፋት። በዚህ ሙቀት ደርቆ ከሚበላሽ ብላ ለሲና ሰጠቻት። «ለወጥ ቤትሽ ይሁንሽ» አለቻት። ሌላ ያለችው ነገር የለም።

ቀትር ላይ ግሪት የማገዶ ሸክሟን ተሸክማ ኮረብታው ጫፍ ስትደርስ ንፋሱ ቀጥ አለ። ቀስ ብሎ የደከመ አይደለም፤ አንድ ሰው በር እንደዘጋበት ነው ያቆመው። ሙቀቱ ግን እዚያው ቀረ፣ ጆሮ ድረስ ይሰማል። ወደ ደቡብ ምዕራብ አየች። ከውሃው በላይ ጥቁር መስመር ተጋድሟል። ሲከፋ ግማሽ ሰዓት፣ ሲለዝብ አንድ ሰዓት፤ ከዚያ ክረምቱ የተበላበትን አራት ቀን ሊያስመልስ ይመጣል። ሦስቱ ጀልባዎች ነጥብ ነጥብ ሆነው ታዩዋት፤ እነሱም አይተውት ፊታቸውን ወደ ቤት አዙረዋል። «ተመስገን፣ ይደርሳሉ» አለች። ከዚያ እንደ ልማዷ ግድግዳዋን ለማየት ቁልቁል ተመለከተች።

ሁለት ነጭ ግድግዳ አየች።

ማገዶው ከራሷ ላይ መቼ እንደወደቀ አታውቅም። ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረደችው ሲጠይቋት ዛሬም «እኔ እንጃ» ትላለች። ሲና እስከ ክርኗ ኖራ ሆና፣ ቡሩሽ ይዛ ደጇ ላይ ቆማለች። ፊቷ በደስታ ይበራል።

«እማ፣ መጡ? እስቲ ይዩልኝ! ወጥ ቤቱን ጨርሼ ተረፈኝና በባህሩ በኩል ቀባሁት። ፍሎሪስ ከሩቅ አይቶ ደስ ይለዋል ብዬ ነው። ደግሞ እንዴት ቶሎ እንደደረቀ!»

በእርግጥም ቶሎ ደርቋል። በሌላ ሐምሌ ቢሆን ኖራው እርጥብ እንደሆነ ሦስት ቀን ግራጫ ሆኖ ይቆይ፣ ያየው ሁሉ ይጮህበት፣ ዝናቡም አጥቦ ይወስደው ነበር። በዚያ ሙቀት ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ወተት መስሎ ቁጭ አለ። ከግሪት ግድግዳ እሱ ይበልጥ ይነጣል።

ግሪት የልጅቷን ትከሻ ይዛ ወደ ምሰሶው አዞረቻት፣ ከዚያ ወደ ባህሩ።

«ወንዶቹ የሚገቡት ነጩን ግድግዳ አይተው ነው። አንዱን። ይሄንን አይቶ የመጣ ሰው ከአለቱ ጋር ነው የሚላተመው።»

ሲና ቡሩሹን ጣለችው። «ማንም አልነገረኝም» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ።

«አዎ። ማንም አልነገረሽም። ሩጪ! ሴቶቹ ምንጩ ዘንድ ናቸው፤ ጥሪያቸው፣ ብርድ ልብሱን ትተው ይምጡ!»

ቴይስ ጩኸቱን ሰምቶ ዞር ሲል ሁለቱን ግድግዳ አየና ፊቱ አመድ ሆነ። «የጌታ ያለህ» አለ። «ግሪት፣ ባህር ዳር ወርደን እናውለብልብላቸው?»

«እጅ ሲወዛወዝ ያየ ሰው ቶሎ ግባ አሉኝ ነው የሚለው። ሁለት ነጭ መኖሩን መቼ ያውቃሉ? አንዱን ያገኘ ሌላ አይፈልግም።»

ግሪት ከምድጃዋ ጥቀርሻ አፍሳ በውሃ በጥብጣ ደፋችበት። ጥቁሩ ተንሸራቶ ወረደና ኖራው መልሶ ፈገግ አለባት። ሌላ ባልዲ ደፋች፣ ያው ነው። ሴቶቹ እያለከለኩ ደረሱ። አንዷ ነጭ አንሶላ ይዛ መጥታ ነበር። ሚዬም የምትባለው ሴትዮ፣ «ነጭ በነጭ ልትሸፍኚ ነው? ምነው ልብሽ!» ብላ ነጠቀቻት። በመንደሩ ያለው ብርድ ልብስ ሁሉ ወይ ክሬም ነው፣ ወይ ቢጫ፣ ደግሞም እርጥብ ሆኖ ከኮረብታው ማዶ ቀርቷል። የመጀመሪያው ቀዝቃዛ እስትንፋስ ከባህሩ መጥቶ አንገታቸውን ነካቸው።

«ጥቁር» አለች ግሪት። «ጥቁር ጨርቅ ያለው ማነው?»

ሁሉም ያውቃሉ። ሚዬም መጀመሪያ ሄደች። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሁሉም። ግሪት የሳጥን ክዳን ሲከፈት ከየቤቱ ሰማች። አሥራ አንድ ጥቁር ልብስ መጣ፤ ረዣዥም፣ ሰፋፊ፣ የእሳት ራት እንዳይበላው የተቀመጠበት ካምፎር የሚሸት። ባላቸው ከወጣበት ያልተመለሰ አሥራ አንድ ሴቶች ያመጡት ነው።

የቀረውን እጃቸው ያውቀዋል። የክራልባይ ሴት ዓሣ ለማድረቅ በዓይኑ ገመድ አሳልፋ ስትሰካ ነው ያደገችው። ወፍራሙን የማጥመጃ ገመድ በእጅጌዎቹ እያሳለፉ ልብሶቹን ደረደሩ፣ ጫፉን ከሣር ክዳኑ በላይ ወረወሩ፣ ሦስቱ ከጓሮ ሆነው ሳቡት። ጥቁሩ ግድግዳውን ይዞ ወጣ። ግን ጣራው ሾጥጦ በሚገናኝበት ከላይ፣ የአንድ በር መዝጊያ ያህል ነጭ ቀረ።

«ሌላ የለም?»

«አልቋል። ሁሉም ይኸው ነው።»

«አንድ ብቻ እኮ ነው የጎደለው!»

«ዊለም የመጀመሪያውን ጀልባ ይዞ ሩቁን አለት አልፏል» ብሎ ቴይስ ጮኸ። «ኧረ ፍጠኑ፣ ፍጠኑ!»

ግሪት እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። ቁልፎቹ ሃያ አራት ናቸው፤ አሥሩን ፈታች፣ የቀሩትን በጠሰቻቸው። ክንዷን እንኳ መንደሩ አይቶ የማያውቃት ግሪት አፖሊስ በውስጥ ቀሚሷ ቀርታ ግድግዳው ላይ መሰላል አስደግፋ ወጣች። ሲና ሥሩን ያዘችላት። ንፋሱ አሁን በደንብ መጥቷል፣ መሰላሉን ከግድግዳው ያላቅቀዋል። ልብሱን በእጅጌዎቹ ከጣራው እንጨት ጋር አሠረችው።

«ግሪት ውረጂ!» አለ ቴይስ ድምፁ እስኪሰነጠቅ። «አንቺ ራስሽ ነጭ ነሽ!»

እውነቱን ነው፣ የውስጥ ቀሚሷ ነጭ ነው። ወረደች ማለት አይቻልም፣ ወደቀች። የምትሸሸግበት ሌላ ስላጣች ከተሰቀሉት ጥቁር ልብሶች ሥር ገባች።

«ሁላችሁም ጠርዙን ያዙ!» አለች ከውስጥ። «ንፋሱ እንዳይገልበው! እንዳትለቁ!»

ሴቶቹ ተደርድረው ቆሙ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባቸውን ወደ ባህሩ ሰጥተው፣ የልብሱን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ቁልቁል ሳቡ። በዚህ አቋቋም ጀልባዎቹን ማየት አይቻልም። ያየ ይለቃል፣ የለቀቀ ይገልጣል። የሚያይላቸው ቴይስ ብቻ ነበር።

ግሪት በጨርቁና በግድግዳው መሐል ሆና ከአፍንጫዋ ፊት ከኖራው በቀር የምታየው አልነበረም። በእጇ የበጠበጠችው፣ በአፏ የሰጠችው ኖራ ነው። የዝናቡ የመጀመሪያ ጠብታዎች ጀርባዋ ላይ ያለውን ልብስ ሲመቱ ሰማች።

«ዊለም በሩ ላይ ነው» አለ ቴይስ። «ቀጥ ብሏል… ቀጥ ብሏል… ገባ! ዊለም ገባ!»

ማንም እልል አላለም። ልብሱ እንደ ሸራ ተነፋ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሳቡት።

«ጎዲ በሁለተኛው ጀልባ ተከትሏል። ማዕበሉ ከጀርባው ነው። አይዞህ ልጄ፣ አይዞህ… ገባ!»

ከዚያ ቴይስ ዝም አለ።

ዝናቡ በረታ። የአንዷ ሴት እጅ ተንሸራተተ፣ መልሳ ያዘች። ግሪት ኒክላስን አላሰበችም። ሌላም የምታስበው አልነበራትም፤ ጥፍሯ ኖራው ውስጥ ገብቶ ነበር።

«አጎቴ ቴይስ!» አለች ሲና፣ ዞር ሳትል። «አጎቴ ቴይስ፣ ይናገሩ እንጂ! ባሌ የት ነው?»

«ቀድሞ ይሄንን ግድግዳ ይዞ ነበር» አለ ቴይስ። ድምፁ የእሱ አይመስልም። «ነጩ ሲጠፋበት ጊዜ ሞተሩን ቀነሰ። ቆሟል። አለቱ ከፊቱ ነው።»

«እንዳትለቁ» አለች ግሪት።

«ማዕበሉ ወደ ጎን እየዞረበት ነው… አንተ ልጅ፣ ወደ ግራ እይ! እናትህ ቤት እይ! የእናትህ ቤት እዚያ አይደል እንዴ!» ከተቀመጠበት ተነሥቶ ቆሟል፣ ያለ ምርኩዙ። «ዞረ። አፍንጫው ዞረ። ምሰሶውን አግኝቷል መሰለኝ… አግኝቷል… ና፣ ና፣ ና…»

ከዚያ የሰሙት የእንጨት ድምፅ ነበር፤ ጀልባ ድንጋይ ሲፍቅ የሚያሰማው። አንዷ ሴት አለቀሰች። ግን አንድም እጅ አልለቀቀም።

«ጎኑን ተላጠ እንጂ ገባ» አለ ቴይስና ጀልባዋ ላይ ቁጭ አለ። «ገባ። ሦስቱም ገቡ።»

ያኔ ለቀቁት። አንዳንዶቹ እዚያው አሸዋው ላይ ተቀመጡ። ሚዬም መዳፏን አየችና፣ ደም መሆኑን ስታውቅ ንዴቷ መጣ።

«ይቺ የበግ አገር ልጅ ሁላችንንም በአንድ ቀን ጥቁር ልታስለብሰን ነበር እኮ!»

ሲና አንገቷን ደፋች። ግሪት ከጥቁሩ ልብስ ሥር ወጣች፤ ፀጉሯ ተበትኗል፣ ፊቷ ኖራ ነው፣ የውስጥ ቀሚሷ ዝናቡ አጣብቆታል።

«ኖራውን የሰጠኋት እኔ ነኝ» አለች። «በግድግዳዬ ስኩራራ የከረምኩትም እኔ፣ ለምን ነጭ እንደሆነ ሳልነግራት የቀረሁትም እኔ። የምትሳደቡ ከሆነ እኔን ስደቡኝ። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት የዋጣችሁትንም ጨምሩበት፤ አሁን ይውጣላችሁ።»

ሚዬም የግሪትን ፊት አየች፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ እግሯ፣ ከዚያ መልሳ ወደ ፊቷ።

«ያኔም የሰደበሽ አልነበረም» አለች። «ያኔ አራስ ነበርሽ። ማናችንም መጥተን እንቀባልሽ አላልንም፤ እሱ ነው አፋችንን የዘጋው። ደግሞ በውስጥ ቀሚስ የቆመች ሴትዮ እንዴት ተደርጎ ይሰደባል?»

አንዷ ሳቀች፣ ሌሎቹም ተከተሉ፤ ሳቁ ከልቅሶው ጋር ተደባልቆ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። ፍሎሪስ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ትንፋሽ አጥሮት ሽቅብ ሲመጣ ያገኛቸው እንዲህ ሆነው ነው። ሲና ሮጣ ተጠመጠመችበት። እሱ ግን በትከሻዋ ላይ አሻግሮ እናቱን ነበር የሚያየው፤ ዕድሜውን ሙሉ በጥቁር ብቻ ያያትን እናቱን።

«እማ» አለ።

ቴይስ ምርኩዙን ፈልጎ አንከስ አንከስ እያለ መጣ። ሰው በነገር ካልነካ አይሆንለትም።

«እና ግሪት? የማወልቀው የሞትኩ ዕለት ነው ብለሽኝ አልነበር?»

«ሞቼ ነበር እኮ» አለች ግሪት። «ሦስተኛው ጀልባ እስኪገባ ሞቼ ነበር።»

ሲና ከቤት ሹራቧን አምጥታ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት። ሴቶቹ ልብሶቻቸውን ከገመዱ ላይ እያወጡ ጨመቁ፣ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸውን ይዘው ወደ ሳጥናቸው ሄዱ። ከላይ የተሰቀለውን የራሷን ልብስ ግን ግሪት አውርዱልኝ አላለችም።